ተበላሽቷል ተብሎ የጠፋው ሥራህ

ሀብቴ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን አንተን ዋሽቼህ አላውቅም። ተናድጃለሁ። ንዴቴን የሚችልልኝ አንተ ብቻ ነበርክና ላንተው እጽፋለሁ።

ገላን ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። ቱታህ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ አሁንም የማሽን ዘይት ይሸታል፤ አላጠብኩትም፣ አላጥበውምም። የጠፋው ፍላሽህ ላይ የነበረው ሙዚቃህ ነው።

በአርባህ ሰሞን እህትህ አስቴር ልታጽናናኝ መጥታ ሰነበተች። ቤቱ ጭር አለባትና መዝሙር ላስጭን ብላ ፍላሹን ከመሳቢያ አንስታ ሳሪስ ሞባይል ቤት ወሰደችው። እኔን አልጠየቀችኝም። ባለሱቁ ከፍቶ ሲያዳምጥ ብረት ከብረት ሲፋጭ፣ ከሥሩም አንድ ወፍራም ድምፅ ሲያጉረመርም ሰማ። ፋይሉ ተበላሽቷል አላት። ሐዘንተኛ መሆኗን አይቶ አዘነላትና ሁሉንም አጥፍቶ መዝሙር ሞላላት።

ስድስት ዓመት የለፋህበት ሥራ! ፋብሪካው ውስጥ የሽመና ማሽን እየጠገንክ፣ ስልክህን የዘይት ጣሳ ላይ አቁመህ የቀዳኸው፣ ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ የቀጣጠልከው። ከፍላሹ ሌላ የትም አልነበረም። ማሽኖቹ ተነቅለው ሄደዋል፤ አዳራሹ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ያን ድምፅ ከየት አመጣዋለሁ?

አስቴር ስታውቅ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ዘመዶችህ ግን እንኳን ጠፋ፣ ለነፍሱም አይበጀው አሉኝ። ለነፍስህ የሚበጀውን ማን ነገራቸው?

እርግጥ መጀመሪያ እኔም አልወደድኩትም። ዘፈን ከሆነ ዘፋኙ የታለ እያልኩ አብሽቄሃለሁ። አንድ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርገህ ያንን ጨለማ የመሰለውን ክፍል አሰማኸኝ። አባቴ እዚያው ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጆሮው ደንቁሮ ነው ጡረታ የወጣው። ምን ሲሰማ ይውል እንደነበር ያን ቀን ገባኝና አለቀስኩ። ይሄ ነው እንግዲህ የተበላሸ የሚባለው።

ስብሰለሰል ማን ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነው? ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ጽጌ! ሙዚቃህን በከፈትክ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን የሚደበድቡት፣ ኋላም ለግቢው ኮሚቴ የከሰሱህ። ለማስረጃ ብለው በስልካቸው ቀድተውህ ነበር። በራቸውን ሳንኳኳ ለጠብ የመጣሁ መስሏቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ስልካቸውን አወጡ። አላጠፉትም። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

መሐሉ ላይ መጥረጊያቸው ሲደበድብ ይሰማል። ድምፃቸውም አለ፦ «ኧረ በገብርኤል፣ እላዬ ላይ የሚኖረው ሰው ነው ወፍጮ?» አፍረው፣ እሱን ቆርጠሽ አውጪው አሉኝ። እምቢ አልኩ። አንተ ብትሰማው ከት ብለህ ትስቅ እንደነበር አውቃለሁ።

ሀብቴ፣ አልረሳህም፤ ሌላውም እንዲረሳህ አልፈቅድም። የሙት ዓመትህ ቀን ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ተበላሽቷል የሚል ካለ በሩ ያውና። እትዬ ጽጌም እመጣለሁ ብለዋል፤ መጥረጊያቸውን ይዘው።

ያንተዋ ሰናይት