የሚስተር ቼን መርዶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ አቃቂ

ዛሬም አፌ ደርቆ ነው ቤት የገባሁት። ሐዲድ በሚዘረጋው ቡድናችን ውስጥ አስተርጓሚዋ እኔ ብቻ ነኝና ስድቡም ምላሹም በእኔ አፍ ነው የሚያልፈው።

ጠዋት አለቃችን ሚስተር ቼን በያጁ ጋሽ ታደሰ ላይ ሰው ፊት ጮኸባቸው። በዚያ ሽበታቸው! "ከነገ ጀምሮ እንደማልመጣ ንገሪው" አሉኝ። ልነግረው ስገባ ቢሮ ባደረገው ኮንቴይነር ውስጥ ብቻውን ያለቅሳል። አባቱ ሞተዋል። ትናንት ሥራ ላይ እያለ በስልክ አረዱት፤ ስልኩን ዘግቶ መለካቱን ቀጠለ።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ።

እኛ ጋ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ሠራተኛው ቢሰማ ቁጣውን ትቶ ሊያስተዛዝነው ይመጣል። ዝም ካልኩ ጋሽ ታደሰ ይቀራሉ፣ ሌሎቹም ይከተሏቸዋል። ግን እኮ አምኖኝ ነው።

አሁን ጋሽ ታደሰ ደወሉ። "ልጄ፣ የሰውዬው ፊት ልክ አይደለም። ሰው ሞቶበታል እንዴ?"

ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ሳመላልስ ውዬ ለራሴ አንድ ቃል አጣሁ።

"በቃ ገባኝ። ነገ ሰዎቹን ይዤ በማለዳ እመጣለሁ" ብለው ዘጉት።

ሚስተር ቼን ደግሞ እኔ የተናገርኩ ነው የሚመስለው።