ያምሮት ያቃናችው ወረቀት

ይድረስ ለእታለም አደይ፣ ሐዋሳ

ከፍኖተ ሰላም አንቺ እስካለሽበት ባለው መንገድ ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከአባባ ሞት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። በቆሎው ተፈልፍሏል፤ እማዬም ትንሽ ትንሽ መብላት ጀምራለች።

የአጎታችን ልጅ ደጀኔ ከባሕር ዳር መጥቷል። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። «ትንሿን እህታችሁን ያምሮትን እኔ አጫውታታለሁ» ብሎ ከደብተሬ ሉክ ገነጠለና የወረቀት አውሮፕላን ሠራ። አንዱ ክንፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ሲወረውረው እግሩ ሥር ተደፋ።

«ነፋሱ ነው» አለ። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር!

ያምሮት አንስታ ፈታችው። በቁመቱ ለሁለት አጥፋ ዘረጋችው፤ የላይኞቹን ማዕዘኖች ወደ መሐል መስመሩ ሁለት ጊዜ አጠፈች፤ ከዚያ መልሳ ገጥማ ክንፎቹን እኩል አወጣች። እጥፋቱን ሁሉ አባባ ያደርጉት እንደነበረው በጥፍሯ አሰመረች። ስትለቀው አጥሩን አልፎ ባሕር ዛፉ ጋ ወረደ።

«አንቺ! ማን አስተማረሽ?» አላትና ቆሞ መልስ ጠበቀ። ይሄ ጅል! አባባ ከተቀበሩ ወዲህ አንድ ቃል ከአፏ ስላልወጣ፣ እንዲህ ቆሞ መልሷን የሚጠብቅ ሰው እኛ ቤት የለም። «አባባ ናቸው» አልኩት እኔ። ጎረቤቶቹም ከእሱ አይሻሉም፤ አንዷ ጠበል ትላለች፣ አንዷ ቡዳ ነው ትላለች።

እታለም፣ ለእሷ ለብቻዋ ጻፊላት። «የደጀኔ አውሮፕላን ካንቺው ይበልጣል አሉ» በያት። ድሮ እንዲህ ያላትን «ደንቆሮ!» ሳትል አታልፍም ነበር። እኔ ብያት ዝም ብላ አየችኝ። ካንቺ ሲመጣ ግን ትናደድ ይሆናል።

ስድቧን ለመስማት ያብቃን።

ወንድምሽ ባምላኩ