ግራፊክስ ካርዱና የአባ ጸሎት

ሆሳዕና፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አጎቴ ነገ ጠዋት ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይሄዳል። የምገጣጥመውን ኮምፒውተር ዕቃዎችም እሱ ነው የሚገዛልኝ። ፕሮሰሰሩንና ራሙን ወስኛለሁ። ያስጨነቀኝ ምስሉን የሚያፈጥነው ግራፊክስ ካርድ ነው። ትልቁን ከገዛልኝ የምወደው የኳስ ጌም ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ግን "ይሄ ሁሉ ለቢሮ ሥራ ምን ያደርግላታል?" ብሎ አባን ከጠየቀው ጉዴ ፈላ። ለአባ የነገርኩት ለሥራ ነው ብዬ ነው። ውሸት አይደለም፤ ዲዛይንም እሠራበታለሁ። ግን ጌም ባይኖር መች እንዲህ እለፋ ነበር?

አጎቴን ትንሹ ይበቃኛል ልለው ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ራት ሲቀርብ አባ እንደ ልማዱ ጸለየ። "ጌታ ሆይ፣ ይህን ኮምፒውተር ለልጄ ለሥራዋ ባርክላት፤ ወንድሜንም በሰላም መልሰው" አለ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ከዚያ ቆጮውን እየቆረሰ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣

"ኳስም ያጫውታል?" አለኝ።

"ትልቁ ካርድ ከተገዛ፣ አዎ" አልኩት ሳላስበው።

መብላቱን ቀጠለ። አውቆብኝ ይሁን ራሱ መጫወት አምሮት፣ ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልኩም። አጎቴ ደግሞ ጠዋት ይሄዳል፤ የቱን ካርድ ግዛልኝ እንደምለው ገና አልወሰንኩም።