የተላጨሁ ሰሞን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተላጨሁ። እዚሁ አል ዓይን ከተማ፣ አል ጂሚ ሰፈር ካለው የሴቶች ሳሎን ነው። ፊሊፒኖዋ ልጅ ማሽኑን ይዛ ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ «የስ» አልኳት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የስንት ዓመት ፀጉር በመጥረጊያ ሰብስባ ወሰደችው። አላለቀስኩም። ቀለለኝ፣ በቃ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ሐኪሟ ስላዘዘችኝ ነው። ሱዳናዊት ናት፤ አረብኛዋ ይገባኛል። «በየቀኑ ጻፊ» አለችኝ። ምን ቀባሽ፣ ምን ያህል አሳከከሽ፣ ምን ሲሆን ባሰብሽ። ማሳከኩን ከአሥር እየሰጠሁ እጽፋለሁ። ዛሬ 7።

በሽታው ሶሪያሲስ ይባላል። የራስ ቆዳ ያለ ልኩ እየተጣደፈ ይበቅልና እላዩ ላይ ይከመራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እስከ ዛሬ የሞከርኩት፦ አራት ዓይነት የፎረፎር ሻምፖ፣ ሎሚ፣ እሬት፣ ለጋ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርቱ አቃጠለኝ፤ አሠሪዬ ማዳምም የቤቱን መስኮት ሁሉ አስከፈተችኝ። አንዱም አልሠራም። ከላይ ሹሩባ እየተሠራሁ ስሸፍነው ኖርኩ። ለካ ጥብቅ ሹሩባ ራሱ ቆዳውን ያቆስለዋል፣ በቆሰለው ላይ ደግሞ እሱ ይወጣበታል። ሐኪሟ «አሳጥሪው» ነው ያለችኝ። መላጨቱ የራሴ ነው። ግማሽ ነገር አልወድም።

መድኃኒቱ፦ ማታ ቅርፊቱን የሚያለሰልስ ዘይት። ጠዋት መታጠብ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቅጥራን ቅጥራን በሚሸተው ሻምፖ። ከዚያ ስስ ቅባት። በጥፍር መፋቅ ክልክል። ይህ አራት ሳምንት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

በሁለት መስታወት የኋላዬን አየሁት። ሦስት ትልልቅ ሽፍታ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ሁለት ትናንሽ። ቀይ ናቸው፣ ላያቸው ላይ የደረቀ ሊጥ የመሰለ ነጭ አለ። ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ዛሬ ነው ያየሁት።

ማዳም ፎጣዬን ለብቻ እንዳጥብ ነገረችኝ። «አይተላለፍም» የሚለውን የሐኪሟን ወረቀት ባለፈው ሳምንት ሁለቴ አንብባዋለች። ድሮም ለብቻ ነው የማጥበው። ከሰዓት ደግሞ አዲስ ስስ የጥጥ ሸይላ፣ የዚህ አገር ሴቶች ራሳቸውን የሚሸፍኑበትን፣ አምጥታ «ይሄ አይሞቅሽም» ብላ ሰጠችኝ። ይህች ሴት እንዲህ ናት፤ አስቀይማኝ ሳልጨርስ ታስደስተኛለች።

ሸይላው ጥቁር ነው። ለመዝገቡ ይሻላል። በነጭ ሻሽ ላይ የሚረግፈው ቅርፊት አይታይም፣ በጥቁር ላይ ግን ቁልጭ ይላል። ስለዚህ እስከ ሐኪም ቀጠሮዬ ጥቁር አስራለሁ።

አምስት ዓመት ሙሉ ያሳደግኳት የማዳም ልጅ፣ ሚራ፣ «ልንካው» አለችኝ። ፈቀድኩላት። «ኪዊ» አለች፤ ፀጉራሙን ፍሬ ማለቷ ነው።

ማሳከክ 6።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሻምፖው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዓይኔ ቀልቶ ዋለ።

ወተት ልገዛ እዚሁ ሰፈራችን ዛኸር ሱቅ ስወጣ ነፋስ ሸይላዬን ገፈፈው። በሰላምታ ብቻ የምንተዋወቅ ሁለት ያገሬ ልጆች አዩኝ። አንዷ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። «አይዞሽ» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። እንደገና «አይዞሽ» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። በሽታዬን ያየች መስሎኝ፣ ለዚህም ይለቀሳል እንዴ እያልኩ ወተቴን ይዤ ገባሁ።

ማሳከክ 6።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ያልተነሣ ጥሪ አገኘሁ። ደውለውልኝ የማያውቁ ሴቶች ሁሉ አሉበት። መልሼ ስደውል «እንዴት ነሽ» ብቻ ይሉኛል። ወሬው ተዳርሷል ማለት ነው። አንዷም ግን ራስሽን ምን ሆንሽ አትልም። ይህ ደግሞ አናደደኝ።

አስካለም ደወለች። እሷ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ አል ሙዋይጂ የሚባል ሰፈር ትሠራለች፣ እዚያው ለዕረፍት ቀን የምትሆን ክፍል ከሌሎች ያገራችን ልጆች ጋር ተከራይታለች። «እሑድ እንዳትቀሪ፣ የሺ» አለችኝ፣ ለስለስ ብላ። አስካለ ለስለስ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ማሳከክ 5። ሻምፖ፣ ቅባት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ድል። ከማጅራቴ በላይ ካለው ላይ የሳንቲም ስፋት የሚያህል ቅርፊት በዘይቱ ብቻ ለቀቀ። አልፋቅኩትም። ደም የለም። ሥሩ ያለው ቆዳ ሮዝ ነው፣ ለስላሳ ነው። ሦስት ጊዜ በጣቴ ዳሰስኩት።

ማሳከክ 4። እስካሁን ዝቅተኛው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

በተራው ልጻፈው።

አል ሙዋይጂ የደረስኩት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የአስካለ ክፍል በር ላይ ጫማ ሞልቷል። የልደት ድግስ መሰለኝ። በሩን ስከፍት ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከአቡዳቢ ሳይቀር ቅዳሴ ጨርሰው በአውቶቡስ የመጡ አሉ። መሃል ላይ በትልቅ ሳህን ንፍሮ ቀርቧል። እኔን ሲያዩ ሁሉም በአንዴ አለቀሱ።

ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ንፍሮ ቀርቦ፣ ሰው ፊትሽን እያየ ሲያለቅስ ማስረዳት አያስፈልግም። መርዶ ነው። እናቴ ናት አልኩ፤ ሌላ የቀረኝ ወላጅ የለም። አለቀስኩ፣ ጮኼ ነው ያለቀስኩት። ያዙኝ፣ ውሃ አጠጡኝ።

ትንፋሽ ሳገኝ «መቼ ሞተች?» አልኩ።

አስካለ አፍንጫዋን እየጠረገች «ማን?» አለችኝ።

«እናቴ ናታ!»

«እኛ በምን እናውቃለን? አንቺ አይደለሽ እንዴ የተላጨሽው?»

ባገራችን ሴት የቅርብ ሰው ሲሞትባት ትላጫለች፣ ጥቁር ታስራለች። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ስለ ቆዳዬ ብቻ ሳስብ ለሰው ምን እንደምመስል ረሳሁት። ተላጭቻለሁ፣ ጥቁር አስሬአለሁ፣ ዓይኔም ቀልቷል። ከሱቁ በር የተነሣው ወሬ በሦስት ቀን አቡዳቢ ገብቷል።

ሸይላዬን አውልቄ አሳየኋቸው። አንዷ መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉም። «ቆረቆር ነው?» «አይደለም።» «ይጋባል?» «አይጋባም።» እንዲያም ሆኖ አጠገቤ የነበረችው ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ንፍሮው ተበላ፣ ምን ይደረግ።

እትዬ ወርቄ ብቻ አልሳቁም። የኛው የጋይንት ሰው ናቸው፣ አቡዳቢ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ዓይኔን አያዩም። ስንለያይ ግንባሬን ስመው «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ምኑን?

እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ወንድሜ ደሳለኝ አያነሣም።

ማሳከክ 8።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

የእናቴ ስልክ ዝግ። ደሳለኝ አያነሣም። ዝግ። አያነሣም።

ረፋድ ላይ እትዬ ወርቄ ጋ ደወልኩ። የሚያውቁትን ካልነገሩኝ አቡዳቢ ድረስ እንደምመጣ ነገርኳቸው። አወጡት። ዓርብ ዕለት አገር ቤት ደውለው «ከነየሺ ቤት ማን ሞተ?» ብለው ጠይቀዋል። እሑድ ጠዋት ደግመው ሲደውሉ፣ በእናቴ ግቢ ድንኳን ተተክሏል አሏቸው። ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ መስመሩ ተቋረጠባቸው።

«ንፍሮው ፊት እንዴት ልንገርሽ፤ እነሱ ሲስቁ» አሉኝ።

አባቴ የሞተ ጊዜ የነገሩኝ ከአሥር ወር በኋላ ነው። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም ይላሉ። አል ዓይን ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር። አስካለም ታውቅ ነበር፤ አሥር ወር ሙሉ አብራኝ በልታለች፣ ስቃለች። ይቅር ብያታለሁ። ማመን ግን ሌላ ነው።

ዘይቱን አልቀባሁም። ሳላውቀው ሳክ አምሽቼ ከጆሮዬ ጀርባ ደም አየሁ። ያ ሮዝ የነበረውም ቆስሏል። 9።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ደሳለኝ አነሣ። ደብረ ታቦር ነው የሚሠራው፤ ስልኩ ተበላሽቶ እንደነበር ነገረኝ።

«እማዬስ?»

«ደህና ናት።»

«መቼ አየሃት?»

«ወር ይሆነኛል። ደህና ናት ግን።»

«ስለ አባባም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።»

ድንኳኑን ነገርኩት። ምንም እንደማያውቅ ማለ፤ ያኔም ምሏል። ነገ ራሱ እንደሚሄድ፣ ካለች ድምፅዋን እንደሚያሰማኝ ነገረኝ። «ካለች» ሲል ራሱም ደነገጠ።

ማዳም ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ዛሬ ተኚ፣ ሚራን እኔ እይዛታለሁ» አለች። አልተኛሁም። ብረት ድስቶቹን በሙሉ አውርጄ ፈተግኩ።

ቅባት ቀባሁ፣ እጄ ስለለመደ ብቻ። 8።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

አልደወለም።

ዛሬ ጥቁሩን ያሰርኩት ለመዝገቡ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ቀጠሮዬ ነበር። ልቀር አስቤ፣ ቤት ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ በአውቶቡስ አቡዳቢ ሄድኩ።

ሐኪሟ ራሴን አየች። ሦስቱ ትልልቆች ሳስተዋል፤ ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ግን ብሷል። «እዚህ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። አማርኛ ስለማታነብ ደብተሩን በአረብኛ እያነበብኩ ነገርኳት። ቁጥሮቹን ስጠራ ትጽፍ ነበር፤ እናቴ ጋ ስንደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጭንቀት እንደሚያባብሰው ነገረችኝ። የቆሰለው እስኪድን ሻምፖውን እንዳቆም፣ ቅባቱን እንድቀጥል አዘዘችኝ። «እናትሽስ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኩ።

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«የሺ ነኝ የምትይው አንቺ ነሽ?» እናቴ ስልክ ስታወራ ትጮኻለች፣ ስልኩን አታምነውም።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«የሺ ከሆንሽ፣ በልጅነትሽ የነከሰሽ ውሻ የማን ነበር?»

«ውሻ አልነከሰኝም» አልኩ። «አህያ ነው የረገጠኝ። የራሳችን አህያ።»

ስታለቅስ ሰማሁ፤ እኔም አለቀስኩ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ዘወር ብሎ አየኝ፣ መሐረብ ሰጠኝ።

የሆነው ይህ ነው። ከአቡዳቢ ተደውሎ ከነየሺ ቤት ማን ሞተ ሲባል፣ ወሬው እናቴ ጋ ሲደርስ የሺ ጋ ለቅሶ አለ ሆኗል። «እዚህ የሞተ የለም» አለችኝ፣ «እዚያ ለቅሶ አለ። እንግዲህ ማን ይሆናል?» ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ። እኔ እሷን ሳለቅስ እሷ እኔን ታለቅስ ነበር። ደሳለኝ ትናንት ደርሶ «አለች፣ አነጋግሬአታለሁ» ቢላትም አላመነችውም። «ያባቱን ሞት ከእህቱ የደበቀ ልጅ፣ ከእኔ ያንቺን ቢደብቅ ምን ይገርማል?» አለች። ኔትወርክ ያለበት ለመድረስ ከደሳለኝ ጋር ግማሽ ቀን በእግሯ ሄዳ፣ ስልክ ከሰው ተውሳለች።

«ፀጉሬን አስላጨሽኝ» አለች ቀጥላ።

«ተላጨሽ?»

«ልጄ ሞታ አልላጭ ኖሯል?»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እናቴ ስልክ ላይ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሲላጩኝ አዩብኝ።»

«ምኑን?»

«የራሴን ነገር። ቀይ ነው፣ ላዩ ይነጫል፣ ከጆሮዬ ጀርባም አለ። አንቺን ሳልወልድ ጀምሮ በቅቤና በሻሽ ስሸፍነው ኖሬ። አባትሽ እንኳ ሳያየው ነው የሞተ። ቆረቆር አሉኝ፣ በስተርጅናዬ።»

ስንት ጊዜ ጭንቅላቴን ታቅፋ ቅማል ስትፈልግልኝ ኖራለች። የሷን አንድ ቀን አሳይታኝ አታውቅም። እኔም የተላጨሁት ለዚሁ እንደሆነ፣ የማንም ሞት እንዳልሆነ ነገርኳት።

«እርግማን ይመስለኝ ነበር» አለች።

«አይደለም። በሽታ ነው። ሶሪያሲስ ይባላል።»

«ስም አለው?»

«አለው።»

«መድኃኒትስ?»

ጨርሶ የሚነቅል እንደሌለ፣ የሚያስታግስ ግን እንዳለ፣ እየተመላለሰ እንደሚያስቸግር፣ ዝም ብዬ የኔን መድኃኒት እንደማልልክላት፣ ሐኪም ራሷን ማየት እንዳለበት ነገርኳት። ደሳለኝ ከጎኗ ሆኖ ሰኞ ደብረ ታቦር ሐኪም ጋ ሊወስዳት ቃል ገባ። የበሽታውን ስም ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሌላ ስም ጠራችው።

የስልኩ ባለቤት ስልኩን ሊወስድ ሲል «እስከዚያው ራስሽን በስስ ሻሽ ሸፍኚው፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው» አልኳት።

«አሁንስ አላስርም» አለችኝ። «አንዴ ካዩት አይቀር፣ ነፋስ ይግባበት።»

እኔ እዚያ ገና አልደረስኩም፤ ሸይላዬን እንዳሰርኩ ቤት ገባሁ።