ለእማማ ዘውዴ ላም የሰጠሁት መርፌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ገነተ ማርያም

ላሞቹ በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ የሚያደርገውን የሆርሞን መርፌ ስሰጥ ዋልኩ። እማማ ዘውዴን ላማቸው እርጉዝ መሆን አለመሆኗን በሰው ፊት ጠየቅኋቸው። «ባዶ ናት» አሉኝ። ወረፋው አስቸኩሎኝ፣ በእጄ ሳልመረምር ወጋኋት።

ሰው ሲበተን ጠጋ አሉኝ። «የሰው ዓይን ፈርቼ ነው እንጂ አራት ወሯ ነው። መርፌው ያጠነክራታል አይደል፣ ልጄ?»

መርፌው እርግዝናውን ያጸናውን ሆርሞን ያጠፋዋል። ያለ እሱ ማኅፀኗ ፅንሱን የሚመግበውን ፕሮቲን ማመንጨት ያቆማል፤ በቀናት ውስጥ ታስወርዳለች።

ይህን እያወቅሁ «አዎ» አልኳቸው። «ስትወልድ እንገሩን ላንተ ነው የማመጣው» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ነገ እውነቱን ልነግራቸው ይገባኛል። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር የሞተውን ጥጃ በነጠላ ጠቅልለው የመጡ ይመስለኛል።