ግራጫውን ቀይ ነው አልልም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የስፌት መኪናውን ሲረግጡ ወገብዎን አሁንም ያምዎታል? ዓይንዎስ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያስገባልዎታል ወይስ ያ ሥራ የታናሽ እህቴ እንደሆነ ቀረ? የእማዬን ሳል ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ፀሐዩ ፊቴን ስላከሰለው ቢያዩኝ የማን ልጅ ናት ይሉ ይሆናል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

እሁድ በስልክ ያሉኝን ሰምቻለሁ። አንገት የተሠራው እንዲዞር ብቻ ሳይሆን እንዲደፋም ነው፣ ይቅርታውን ጻፊና ሥራሽን ያዢ አሉኝ። እርስዎ ተናግረው ጨረሱ፤ እኔ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቆረጠ። እዚህ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈልግ። ዝም ማለቴ እሺ ማለት መስሎዎት ልብዎ አርፎ ከሆነ አዝናለሁ። እሺ አላልኩም። ይህን የምጽፈውም ያን ቀን ስልኩ ያላስጨረሰኝን ለመጨረስ ነው፤ ዛሬ የሚወርደው የውሃ ቦቴ ሹፌር ያደርስልኛል።

እማዬ ለጎረቤት ወርቅ ይፈልጋሉ ትላለች አሉ። ወርቅ አይደለም፣ ዩራኒየም ነው፤ ለዚያውም ፍለጋው ገና ጅምር ነው፣ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ቦታው ጥንት ወንዞች አሸዋና ጭቃ እያመጡ የሞሉት ሰፊ ረባዳ ነው። አሸዋው ተደራርቦ ድንጋይ ሆኗል። በውስጡ የሚጓዘው ውሃ ዩራኒየሙን አሟሙቶ ይሸከማል። አየር ያገኘውና የዛገው ቀይ አሸዋ ላይ ሸክሙን ሳያራግፍ ያልፋል፤ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ያለበት ግራጫ አሸዋ ላይ ሲደርስ ግን ይጥለዋል። ሥራችን እንግዲህ ቀዩ አልቆ ግራጫው የሚጀምርበትን ድንበር መፈለግ ነው። መሰርሰሪያው ከመሬት ሆድ ረጅም የድንጋይ ዘንግ ያወጣል፤ እኔ ገና እንደወጣ አጥቤው ቀለሙን እመዘግብና በእንጨት ሳጥን እደረድረዋለሁ።

ድንበሩን አገኘሁት፣ አባቴ። በምሥራቁ ጉድጓድ ቀዩ ወርዶ ወርዶ በድንገት ግራጫ ሆነ፤ የጨረር መለኪያውም እዚያው ላይ ጩኸቱን ጨመረ። የማሽኑ ኦፕሬተር፣ በመነጽሩ ውፍረት «ጠርሙስ» የምንለው ሰውዬ፣ አብሮኝ አይቷል። ይኼማ የምድጃ አመድ ነው አለ።

ከዚያ የሆነውን ቢሰሙ ይስቁ ነበር፣ ልጅዎ ላይ ባይሆን። የሳጥኖቹ መጠለያ ጣሪያው ሸራ ነው። ለፕሮጀክቱ ኃላፊ አዲስ መኪና መጣለትና ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው ብሎ ሸራውን አስነስቶ ለመኪናው ጥላ አደረገው። ድንጋዮቼ ሜዳ ላይ ቀሩ። ብነግረው፣ ድንጋይ ከመቼ ወዲህ ነው ዝናብ የሚፈራው ብሎ ሳቀብኝ፤ ሰዉም አብሮት ሳቀ። ዝናቡ ወረደባቸው፣ ፀሐዩ ተከተለ። በግራጫው አሸዋ ውስጥ ደቃቅ የብረት ማዕድን አለ፤ እርጥበትና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ኃላፊው ዘግይቶ ሊያይ ሲመጣ ሳጥኑ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ጠበቀው። ሠራተኛ በተሰበሰበበት ጠርቶ፣ ቀለም የማትለይ ጂኦሎጂስት የላኩብኝ በምን በደሌ ነው አለ። ያላየሁትን እንደመዘገብኩ ለዋናው ቢሮ አሳወቀ፣ ቦታው ባዶ ነውና ማሽኑ ይነሳ አለ፣ እኔንም ተሳስቻለሁ ብዬ ይቅርታ ጽፌ እንድፈርም አዘዘኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ «አመዴ» ነው። የምሳ ወረፋ ላይ አንዱ፣ አመዴ፣ ይኼ ሾርባ ምን ዓይነት ቀለም ነው አለኝ። እንደ ፊትህ ነው፣ ታጥቦ ካልታየ አይታወቅም አልኩት። አሁን እኔን ሲያይ ወረፋ ይለውጣል።

እርስዎ ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፀሐይ የበላው ኮት ሲመጣልዎት ዋናውን ቀለም የሚፈልጉት የት ነው? ስፌቱን ተርትረው እጥፋቱ ውስጥ አይደል? እኔም ትናንት ቁርስ ላይ ሰው ሁሉ እያለ አንዱን ሳጥን ተሸክሜ ኃላፊው ፊት አስቀመጥኩት። ወፈር ያለውን ዘንግ መርጬ በመዶሻ ለሁለት ከፈልኩት። ዳር ዳሩ ዝገት፣ ልቡ ግራጫ። ጠርሙስ ግማሹን አንስቶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋና ይኼ ያልታየው ሰው ካለ መነጽሬን አውሰዋለሁ አለ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም፤ ሁሉም ወደ ሻዩ አቀረቀረ።

ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ቢሮው የብረት ኮንቴይነር ነው፤ ማራገቢያው ወደ እሱ ብቻ ዞሮ ተተክሏል። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን በሩን ዘግቶ ወንበር ሳበልኝ።

«ልክ ነሽ፣ ግራጫ ነው» አለኝ። «ግን ነገሩ በእኔ ስም ወደ ላይ ሄዷል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ስህተት ይታለፍልሻል፤ እኔን ግን ይጥለኛል።»

ከፈረምኩ ሌላ ጣቢያ በተሻለ ቦታ እንደሚያስመድበኝ፣ ካልፈረምኩ ግን ሐሙስ በሚሄደው መኪና ዕቃዬን ጭኜ እንድወርድ ነገረኝ። አባቴ፣ ከልቡ ተሳስታለች ብሎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልንገበገብም ነበር። ልክ መሆኔን ዓይኔን እያየ መስክሮ ነው ሐሰቱን ያዘዘኝ።

እኔ ዩራኒየም አለ አላልኩም። ቢቆፈር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ቢሆን አላፍርም። ያልኩት «ግራጫ ነው» ብቻ ነው። መሬትን ገልጦ የሚያይ የለም፤ በዚህ ሙያ ሰው ማሽን የሚያቆመው እኔ አየሁ ባልኩት አምኖ ነው። ዓይኔ ዋሽቷል ብዬ በገዛ እጄ ከፈረምኩ ነገ ምን አየሁ ልል ነው?

አንገትሽን ድፊ ያሉኝ ለእኔ ብለው እንደሆነ አላጣሁትም። ያስተማሩኝ ልብስ ላይ ጎንበስ ብለው ነው፤ ሰው ፊት ጎንበስ ሲሉ ግን አላየሁም። ያቺ ባለጠጋ ደንበኛ ጨርቄን ሰርቀህ አሳጠርከው ስትልዎት ሜትሩን አንስተው ገበያተኛ ሁሉ እያየ ለኩላት እንጂ ይቅርታ አልጠየቋትም። ሄደች፣ ዘመዶቿንም ይዛ ሄደች። እማዬ ስንት ቀን አኮረፈችዎት። እኔ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነበር፤ ሁሉንም አይቻለሁ። እንግዲህ ማን አሳድጎኝ ነው ዛሬ እንድደፋ የሚመክሩኝ?

ስለዚህ አልፈርምም ብዬዋለሁ። ለዋናው ቢሮም በራሴ ስም ጽፌ የተከፈለውን ድንጋይ ግማሽ አብሬ ልኬያለሁ። ያነቡት ይሆናል፣ ወረቀት እንዳይበር ይጫኑበትም ይሆናል፤ የእነሱ ፋንታ ነው። እኔ ነገ መኪናው ላይ ነኝ። ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ ቀድሜ መጻፌ ነው። ጎረቤት ልጅህ ተባረረች ካለ አዎ ይበሉ፣ አይደብቁልኝ። ለምን ካሉም ግራጫውን ቀይ በይ ብለዋት እምቢ አለች ይበሏቸው። ሊቆጡኝ ይችላሉ፤ ቆሜ እሰማለሁ፣ መልስም አልሰጥም። በዚህ ነገር ግን እርስዎንም ቢሆን ይቅርታ አልጠይቅም።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ ለሳሏ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ፣ እምቢታ አልሰማም። ታናሽ እህቴ አልጋዬን ከነትራሱ ትልቀቅልኝ። ታላቅ ወንድሜ ሥራ ላፈላልግልሽ እንዳይል፤ ሙያ አለኝ፣ የጎደለኝ አለቃ ነው። አክስቴ በዚህ ምላስሽ ባል አታገኚም ትለኝ የለ? በዚሁ ምላሷ ሥራም አጣች ብለው ይንገሩልኝ፣ ደስ ይበላት።

የማትደፋው ልጅዎ

ከቁፋሮው ካምፕ፣ የመጨረሻው ድንኳን
ረቡዕ ጠዋት፣ ግንቦት 14 ቀን