እማሆይ አምስት ናቸው

የካቲት 5
ከወረዳ ቅጽ መጣ። «የነዋሪው የደስታ ደረጃ» ይላል። ከአንድ እስከ አምስት። አንድ በጣም የከፋው፣ አምስት በጣም ደስ ያለው። ከታች «የደስታው ምንጭ» የሚል ክፍት ቦታ። የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ስሆን ይሄ ይመጣል ያለኝ የለም። የጠፋ ማዳበሪያ ፈልግ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 8
ሃያ ሁለት ቤት ገባሁ። ሃያ ሁለቱም «ተመስገን» አሉኝ። ልጁ የታመመበትም ተመስገን፣ ላሙ የወለደችለትም ተመስገን። ተመስገን ስንት ነው? ወረዳ ደወልኩ። አቶ ሙሉሃብት፣ ኃላፊዬ፣ «እኛ የምንፈልገው ቁጥር ነው» ብሎ ዘጋው። ሁሉንም ሦስት አልኳቸው። ሦስት ማንንም አይጎዳም።

የካቲት 9
አምስት አገኘሁ! እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩት መነኩሲት። ገና ሳላስረዳቸው «ትልቁ ስንት ነው?» አሉ። አምስት ስላቸው «እሱን ጻፍ።»
«ምንጩስ፣ እማሆይ?»
«የሻረግ ሄደችልኝ።»
እትዬ የሻረግ ጎረቤታቸው ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አጥር ሲጨቃጨቁ ኖረው በጥር ልጃቸው ላሊበላ ወሰደቻቸው። እኔም እንዳሉኝ ጻፍኩ... «ምንጭ፦ የጎረቤት መልቀቅ።» እማሆይ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

የካቲት 19
አቶ ሙሉሃብት ራሱ ከች አለ። በወረዳው አምስት የተገኘው እኛ ጋ ብቻ ነው። «ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ይስፋፋል!» ምንጩን ግን ሰርዞ «መልካም አስተዳደር» አለው። የጎረቤት መልቀቅ ለማስፋፋት አይመችም አለ። እውነቱን ነው። ሁሉም ጎረቤቱን ካስለቀቀ ማን ሊቀር ነው?

የካቲት 26
ከሌላ ቀበሌ አሥራ አራት ሰው ለልምድ ልውውጥ መጣ። ወደ እማሆይ ወሰድኳቸው። አንዱ ደብተሩን ገልጦ «እንዴት ጀመሩት?» አላቸው።
«ምኑን?»
«መደሰቱን።»
«እሷ ስትሄድ ነዋ፣ ልጄ!»
ጻፈ። እማሆይ እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኙም፤ የነበረቻቸውን ሽምብራ ቆልተው አቀረቡ። አሥራ አራት ሰው ግጥም አድርጎ በላ። እኔም በላሁ።

መጋቢት 3
ምን አድርጌ ነው! የሴፍቲኔት እርዳታ ስንዴ ስም ዝርዝር ተለጠፈ፣ እማሆይ የሉበትም። ወደ አያ አረጋ ሄድኩ፣ ወደ ሊቀመንበሩ።
«አምስት ናቸው አላልክም? አምስት የሆነ ሰው ስንዴ ምን ያደርግለታል? ተመርቀዋል።»
ራሱን የቻለ ሰው ከስንዴው ሲወጣ ተመረቀ ነው የሚባለው። እማሆይ ግን ምን ቻሉ? የመሬታቸው እህል አራት ወር አያደርሳቸውም። ያወጣቸው የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው።

መጋቢት 5
አያ አረጋ «ኮሚቴው ፊት ደስታዬ ቀንሷል ካሉ እንመልሳቸዋለን» አለ። ሮጥኩ።
«እማሆይ፣ አንዴ ብቻ ከፍቶኛል ይበሉ።»
«ከፍቶኝ ነው?»
«አይደለም... ግን ስንዴው...»
«ቆብ ደፍቼ? በአቢይ ጾም? ይቅርብኝ!»
ጎተራቸውን አየሁት። ከታች ትንሽ ማሽላ አለች።
«ራብ አያስከፋዎትም?»
«ራቡ የሆዴ ነው። እኔ የምልህ ስለ የሻረግ ነው።»

መጋቢት 9
ሽሮ ወሰድኩላቸው። «ለእናትህ ላክ» ብለው መለሱኝ። ከስተዋል። እየከሱም ደስ ብሏቸዋል። እኔ እየበላሁ ለምን አልሆነልኝም?

መጋቢት 11
አንድ ነገር አሰብኩ። እብደት ነው... እማሆይ አይዋሹም። ስለዚህ የእውነት መከፋት አለባቸው።

መጋቢት 13
ላሊበላ። እትዬ የሻረግን ልጃቸው ቤት አገኘኋቸው። ቧንቧ ደጃቸው ድረስ ገብቷል። እሳቸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መንገድ ያያሉ።
«ተመቸዎት?»
«ምን ይጎድለኛል? ሰዉ ሁሉ እማማ፣ እማማ ይለኛል። አንድ ክፉ የሚናገረኝ የለም።» አንገታቸውን ደፉ። አሳዘኑኝ።
ለልመና ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። «ያቺ መነኩሲት እንዴት ናት?» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው።
«እርስዎ ከሄዱ ወዲህ በጣም ደስ ብሏቸዋል።»
ብድግ አሉ። «ተሄድኩ ወዲህ? እኔ በመሄዴ? ደስ አላት? ነጠላዬን አቀብለኝ!»
ልጃቸው ብትለምን፣ ብታለቅስ አልሰሙም። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ላይ ተጭነን መጣን። መንገዱን ሙሉ የሚሉትን ሲለማመዱ ነበር።

መጋቢት 17
እማሆይ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። አያ አረጋ «ዛሬስ ስንት ነዎት?» አላቸው።
«ተአንድ በታች የለም?»
የለም አልናቸው። «አንድ» የሚለው ላይ አተሙ። ስንዴያቸው ተመለሰ። አቶ ሙሉሃብት ስልክ ላይ ጮኸብኝ፤ ምርጥ ተሞክሮውን አበላሽተሃል አለ። ይጩህ።

መጋቢት 25
ተመላሽ ነዋሪ ይመዝገብ ተባለና ለእትዬ የሻረግ ቅጹን ይዤ ሄድኩ። ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። እማሆይ የስንዴውን ግማሽ በቁና ሰፍረው በአጥሩ ላይ ያቀብላሉ።
«እንኪ! ራበኝ እያልሽ ስሜን እንዳታጠፊ!»
«ይሄ ነው ስንዴ? ጠጠሩን ለይተሽ ለእኔ?»
«ጥርስ የለሽ፣ ጠጠሩ ምን ያደርግሻል!»
እትዬ የሻረግ ፊታቸው በርቷል። ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ደስታዬ ላይ ነኝ፣ አታቋርጠኝ!» ብለው ወደ አጥሩ ዞሩ። እማሆይም ቢሆኑ... አንድ ናቸው ያልናቸው መነኩሲት ድምፃቸው ተራራውን ይነቀንቃል። ቁናው ግን እየተመላለሰ ነው። ለሁለቱ አይበቃም፣ እትዬ የሻረግም ስንዴ ያስፈልጋቸዋል።
ዋርካው ሥር ተቀመጥኩና በእትዬ የሻረግ ቅጽ ላይ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ምንጩን ባዶ ተውኩት። ከዚያ በእሳቸው ጣት ፈንታ የራሴን አውራ ጣት ቀለም ነክሬ አተምኩበት።
ይሄ ያሳስራል። ሥራዬም ይሄዳል። ታዲያ ምነው እስከ ቢሮ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ መጣሁ?